ሽክርክሪት፣ መዘውር፣ መንኰራኵር፤ በደባርቅ ሱቅ በር ላይ ስለ ዞረ ስሕተት

ከጐንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ አድርጎ፣ ዳባትን አልፎ ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ የስሜንን ተራሮች በር ያገኛል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች፣ ብርድና ነፋስ የማይለዩዋት ከተማ ናት። በ2010 ዓ.ም. በዚህች ከተማ፣ ከገበያው አጠገብ ባለች በአንዲት ሱቅ በር ላይ፣ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቅጠል ያላቸው የላስቲክ ሽክርክሪቶች በረድፍ ተሰክተው ቀኑን ሙሉ ሲዞሩ ይታዩ ነበር። ልጆች ከበዋቸው ይስቃሉ፤ ከገጠር የመጣውም ገበያተኛ አህያውን አቁሞ ይመለከታል። የሱቁ ባለቤት ግን አይስቁም ነበር፤ ያዘዙት ሌላ ዕቃ ነበርና። ይህ ጽሑፍ ያ ዕቃ እንዴት ተለውጦ እንደ መጣ ለመናገር፣ በዚያውም ምክንያት የሚዞር ነገር በቋንቋችንና በንግድ ዓለም ምን ምን ተብሎ እንደሚጠራ ለአስመጪው፣ ለላኪውና ለባለሱቁ ለማስታወስ የቀረበ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው። እኒህ ወይዘሮ ጨው፣ ሳሙና፣ ባትሪና ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ከዚህም ጐን ለጐን ከገጠር ሴቶች የበግ ጠጕር ፈትልና ከፈትሉ የተሠራ ቆብ እየገዙ ለጎብኚዎች ያቀርቡ ነበር። በስሜን ግርጌ በግ ይረባል፤ ብርዱም ብርቱ ነው፤ ስለዚህ የበግ ጠጕር ፈትሎ ባና ማሠራት ከቀድሞ ጀምሮ የኖረ ሥራ ነው። ጭላዳና ዋልያ ለማየት ወደ ሳንቃበር፣ ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ የሚወጡት እንግዶች ደግሞ ከመንገድ ዳር የሱፍ ቆብ ገዝቶ መልበስን ልማድ አድርገውት ነበር። ገበያው ነበረ፤ ጠጕሩም ነበረ፤ የጠፋው ፈትሉ ነው።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት እንዝርትን ማየት ያስፈልጋል። ፈታይዋ በአንድ እጇ እንዝርቱን ታሾራለች፤ በሌላው ጠጕሩን እየሳበች ታቀጥናለች። ክሩ ክንድ ያህል ሲረዝም ሥራውን ታቆምና የተፈተለውን በእንዝርቱ ላይ ትጠመጥማለች፤ ከዚያም እንደ ገና ትጀምራለች። እንግዲህ እንዝርት ከሁለት ሥራ አንዱን ብቻ ነው በአንድ ጊዜ የሚሠራው፤ ወይ ያከራል፣ ወይ ይጠመጥማል። በእግር እየተረገጠ የሚዞረው የመፍተያ መዘውር ግን ማክረሩንም መጠምጠሙንም ሳያቋርጥ ባንድነት ይፈጽማል፤ የፈታይዋም ሁለት እጆች ለጠጕሩ ብቻ ነጻ ይሆናሉ። ወይዘሮዋ ይህን መሣሪያ አንዲት የውጭ አገር ጎብኚ በያዘችው ፎቶግራፍ ላይ አይተው ኖሮ፣ ሁለት እንዳስመጣላቸው ጻፉልኝ። በሥራው ለሚገቡ ሰባት ሴቶችም ከመኪናው መምጣት አስቀድሞ የጠጕር መግዣ ብር ከፋፈሉ።

እኔ በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ተቀምጬ የክፍለ ሀገር ባለሱቆችን ትእዛዝ ለአስመጪዎች እያደረስሁ ጥቂት ኮሚሲዮን የማገኝ ሰው ነበርሁ። የወይዘሮዋ ደብዳቤ «በእግር የሚዞር የመፍተያ መዘውር፣ ሁለት» ይላል። መልካም አማርኛ ነው፤ አንዳች ጉድለት የለበትም። ጉድለቱን የጨመርሁበት እኔ ነኝ። ለአንድ አስመጪ ቤት ጸሓፊ በስልክ ሳስተላልፍ፣ ዐዋቂ ለመምሰል ብዬ፣ ዕቃውን በእንግሊዝኛ «ስፒኒንግ ዊል» ብዬ ጠራሁት። መስመሩ ይቈራረጥ ነበርና እርሱ የሰማውን «ፒንዊል» ብሎ ጻፈ። «ስንት?» ሲለኝ «ሁለት» አልሁ፤ ስልኩንም ዘጋሁ።

ከወር በኋላ የፕሮፎርማው ግልባጭ መጣልኝ። በላዩ ላይ «ባለ ስምንት ቅጠል፣ ልዩ ልዩ ቀለም፣ ሁለት ካርቶን» የሚል ተጽፎ ነበር። ክር የሚፈትል መሣሪያ ስለ ምን ልዩ ልዩ ቀለም እንደሚያስፈልገው፣ ስለ ምንስ ቅጠል እንደሚኖረው አልጠየቅሁም። ያየሁት ዋጋውን ብቻ ነው፤ ርካሽ ሆኖ ስላገኘሁትም ደስ አለኝ። ያ ርካሽነት ሊያስደነግጠኝ በተገባ ነበር። ዕቃው ከሌላ ሰው ጭነት ጋር በአንድ ኮንቴይነር ሆኖ በጅቡቲ በኩል ገባ፤ በ2010 ዓ.ም. ከጥምቀት ጥቂት ቀን አስቀድሞም ደባርቅ ደረሰ። ወይዘሮዋ ሁለቱን ካርቶኖች ሲከፍቱ በእያንዳንዳቸው ውስጥ 240 የልጆች መጫወቻ ተደርድሮ አገኙ። ወዲያው ደውለው የተናገሩኝ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፦ «ልጄ፣ እኔ ጠጕር የሚፈትል ላክልኝ ብዬ፣ አንተ ነፋስ የሚፈትል ላክህልኝ?»

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ከማለት በቀር የምመልሰው አልነበረኝም። ኮሚሲዮኔን መለስሁላቸው። መጫወቻው በጥምቀት ሰሞን በመጠኑ ተሸጠ፤ የቀረውም በየገበያው ቀን ቀስ እያለ ስላለቀ፣ ገንዘባቸው ከሞላ ጐደል ተመለሰ። ጊዜው ግን አልተመለሰም። የጎብኚ ወራት የሚባለው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያለው ደረቁ ጊዜ ነው፤ እርሱም እንዲሁ አለፈ። ብሩን ተቀብለው ጠጕር የገዙት ሰባቱ ሴቶች በእንዝርታቸው ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲህ የሚዞርን ነገር ስም መመርመር ልማድ ሆነብኝ። አስቀድሜ የመረመርሁት የራሳችንን ቋንቋ ነው። ተሽከረከረ ከሚለው ግስ ሽክርክሪት የሚለው ስም ይወጣል። ልጆች ወረቀት በአራት ማዕዘን ቈርጠው፣ ማዕዘኖቹን ወደ መካከል አጥፈው፣ በእሾህ ወይም በምስማር ከአገዳ ጫፍ ላይ ሰክተው ወደ ነፋስ እያቀኑ የሚሮጡበት መጫወቻ በዚህ ስም ይጠራል። ቃሉ ግን ሰፊ ነው፤ ከመጫወቻው ሌላ በራሱ ዙሪያ የሚዞረውን ሁሉ ሊያካትት ይችላል። ከዚያው ግስ ተሽከርካሪ የሚለው ወጥቷል፤ ይህ በሕግና በመዝገብ ቋንቋ መኪናን፣ ሞተር ብስክሌትንና ተጐታችን የሚያጠቃልል ስም ነው። እንግዲህ በሱቅ በር ላይ የተሰካው መጫወቻና ሊማሊሞን የሚወርደው የጭነት መኪና የአንድ ግስ ልጆች ናቸው ማለት ነው።

መዘውር ከዘወረ የመጣ ነው። እጀታ ይዘው ወይም ገመድ ስበው የሚያዞሩት፣ ዙሮም ሌላ ነገር የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ነው። የጋዜጣ ሰዎች «የሥልጣን መዘውር» ሲሉ የሚያስቡት ይህንኑ ነው፤ ራሱ ብቻ አይዞርም፣ ሌላውን ያዞራል። በዚህ ረገድ ወይዘሮዋ የመረጡት ቃል ከእኔ እንግሊዝኛ እጅግ የተሻለ ነበር። ሽክርክሪት ነፋስ ያዞረዋል፤ መዘውር ግን ሥራ ያዞራል። ይህን ልዩነት ቋንቋችን አስቀድሞ አበጅቶት ሳለ እኔ ወደ ውጭ ቋንቋ ሄጄ አፈረስሁት።

መንኰራኵር ደግሞ ከሁሉ የከበረ ታሪክ አለው። ቃሉ የግእዝ ነው፤ አንኰርኰረ፣ ማለት አንከባለለ፣ ከሚለው የወጣ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል ባየው ራእይ ውስጥ ይገኛል። ዳዊት የደገመ ሰው ሁሉ ደግሞ በእኛ አቈጣጠር በ82ኛው መዝሙር ላይ ያውቀዋል፤ በዚያ ጸሎት ጠላቶች እንደ መንኰራኵር፣ በነፋስም ፊት እንዳለ ገለባ እንዲሆኑ ይለመናል። መንኰራኵርና ነፋስ ስለ ምን በአንድ ቦታ ተገናኙ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን በዕብራይስጡ ያገኛል። በዚያ ያለው ቃል ጋልጋል ነው፤ ጋልጋል መንኰራኵርም ይሆናል፣ ነፋስ በሜዳ የሚያንከባልለው ደረቅ እሾሃማ ተክልም ይሆናል። የግሪኩ ተርጓሚ መንኰራኵሩን መረጠ፤ የእኛም መጽሐፍ ያንኑ ተከተለ። አንድ ቃል ለሁለት ነገር ሲሆን ምርጫ እንደሚጠይቅ ከእኔ ስልክ ብዙ ዘመን አስቀድሞ የታወቀ ነገር ኖሯል።

ይኸው ቃል በዘመናችን ወደ ሰማይ ወጥቷል። መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ሩሲያ ስፑትኒክን ባመጠቀች ጊዜ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ደግሞ ዩሪ ጋጋሪን ምድርን በዞረ ጊዜ፣ ለዚህ አዲስ ነገር ስም ያስፈልግ ነበር። ዛሬ «የጠፈር መንኰራኵር» የማይል አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ መንኰራኵር ብቻውን ሲነገርም የብዙ ወጣቶች ሐሳብ የሚሄደው ወደ ጠፈር እንጂ ወደ ሰረገላ አይደለም። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያመጠቀቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት ግን ሳተላይት ተብላ ቀረች። በአንጻሩ የምድሩ መንኰራኵር ስሙን ለጣሊያንኛ አስረክቧል፤ ጎማ ማለት በዚያ ቋንቋ ላስቲክ ብቻ ሲሆን እኛ መላውን እግር እንጠራበታለን፤ ብረቱንም ቸርኬ እንለዋለን። «ጎማ አምጣልኝ» የሚል ደንበኛ ላስቲኩን ብቻ ይሁን ከነቸርኬው ይፈልግ ሳይጠይቅ የሚልክ የመለዋወጫ ነጋዴ እንደ እኔ ይጸጸታል።

ወደ ውጭው ቃል እንመለስ። ፒን መርፌ ወይም ምስማር ነው፤ ዊል መንኰራኵር ነው፤ ስለዚህ ፒንዊል በምስማር ላይ የተሰካ መንኰራኵር ማለት ይሆናል። በአሜሪካ ይህ ስም የልጆችን መጫወቻ ያመለክታል። ነገር ግን በዚያው በአሜሪካ፣ በምስማር ተመትቶ እሳት እየረጨ የሚሽከረከረውም ርችት ፒንዊል ይባላል። በእንግሊዝ አገር መጫወቻው ዊንድሚል፣ ማለት የነፋስ ወፍጮ፣ ነው የሚባለው። ርችቱንም በመንኰራኵር ላይ እንድትሠቃይ በተፈረደባት በእስክንድርያዋ ሰማዕት በቅድስት ካትሪን ስም ይጠሩታል። ጣሊያኖች መጫወቻውንም ርችቱንም ጂራንዶላ ብለው ባንድ ስም ያልፉታል። ቻይናውያን ፌንግቸ ሲሉ የነፋስ ወፍጮንም መጫወቻውንም ማለታቸው ይሆናል። ከዪዉ ወይም ከጓንጁ ገበያ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴያችን ይህን ልብ ቢል ይበጀዋል፤ አስተርጓሚው ሳይዋሽ ነጋዴው ሊሳሳት ይችላልና።

በዚህም አያበቃም። ዳቦ ጋጋሪዎች ሁለት ቀለም ሊጥ ጠቅልለው ቈርጠው የሚጋግሩት ብስኩት ፒንዊል ይባላል። ጨርቅ ቀጣጥለው የአልጋ ልብስ የሚሰፉ ሴቶች የሦስት ማዕዘን ቍራጮችን በመካከል ነጥብ ዙሪያ ሲያሰልፉ ጥለቱን በዚሁ ስም ይጠሩታል። የከዋክብት መርማሪዎችም ከእኛ 21 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የራቀ፣ ክንዶቹ እንደ ሽክርክሪት ቅጠል የተጠማዘዙ አንድ የከዋክብት ጭፍራ በዚህ ስም ያውቃሉ። እርሱን እንኳ ማንም አያስመጣም።

ነጋዴን ከዚህ ሁሉ ስም የሚያድነው ቍጥር ነው። አገሮች በጋራ የሚሠሩበት የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዐት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1988 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ የኢትዮጵያም የጉምሩክ ታሪፍ የተመሠረተው በእርሱ ላይ ነው። በዚህ ሥርዐት የልጆች መጫወቻ በ9503 ይመደባል፤ ርችት በ3604፤ ብስኩት በ1905፤ የመፍተያ መኪና በ8445፤ በነፋስ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ደግሞ በ8502 ሥር ይገባል። እነዚህ ቍጥሮች ቋንቋ የላቸውም፤ በደባርቅም በጓንጁም በጂኖአም አንድ ናቸው። በዚያ እኔ ዋጋውን ብቻ ባየሁበት ፕሮፎርማ ላይ 9503 የሚል ቍጥር በግልጽ ተጽፎ ነበር። ቍጥሩ «ይህ መጫወቻ ነው» እያለ ይጮኽ ነበር፤ ያነበበው ግን የለም። በኋላ ሳስበው፣ ፋብሪካው ቃሉን በርችት ተርጕሞት ቢሆን ኖሮ ምን ይደርስብን እንደ ነበር እፈራለሁ። ርችት ከፈንጂ ወገን የሚቈጠር፣ በመርከብ ላይ አደገኛ ዕቃ ተብሎ ለብቻ የሚመዘገብ፣ ያለ ፈቃድ የማይገባ ዕቃ ነው። የእኛ ስሕተት አንዲት ባለሱቅን አከሰረ፤ ያኛው ግን የኮንቴይነሩን ባለቤቶች ሁሉ ባስያዘ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ትእዛዝ ስጽፍ የዕቃውን ስም በመጨረሻ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ የሚሠራውን ሥራ እጽፋለሁ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚያዞረው፣ እጅ ይሁን እግር፣ ነፋስ ይሁን ኤሌክትሪክ፤ ከዚያ ከምን እንደ ተሠራና ምን ያህል እንደሚመዝን፤ ፎቶግራፍም አያይዛለሁ። የታሪፍ ቍጥሩ ከሻጩ ሲመጣልኝ ከታሪፉ መጽሐፍ ጋር ሳላስተያይ ብር አላስከፍልም። ቍጥሩን ከሻጩ መጠየቅ እንጂ ለሻጩ ነግሮ ማጻፍ አይገባም፤ ሻጩ ራሱ ሲጽፈው የተረዳውን ያሳያልና። «ሁለት» የሚል ሰውም ሁለት ፍሬ ይሁን ሁለት ካርቶን ይበል።

በዚህ ምርመራዬ መካከል ፒንዊል የሚለውን ስም ባልጠበቅሁት ቦታ አገኘሁት፤ ለነጋዴም ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ይህኛው ነው። በጐንደር ከተማ በአንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ፣ በአቧራ የተሸፈነ፣ በጐኑ እጀታ ያለው ከባድ የብረት ሣጥን አሳዩኝ። የሒሳብ መኪና ነው። ውስጡን ስንከፍተው በአንድ ዘንግ ላይ የተደረደሩ ክብ ብረቶች አሉ፤ በእያንዳንዱም ክብ ላይ ወደ ውጭ የሚወጡና ወደ ውስጥ የሚገቡ ዘጠኝ ጥርሶች አሉ። በእንግሊዝኛ ይህ ክብ ብረት ፒንዊል ይባላል፤ ምስማር የሚያወጣ መንኰራኵር እንደ ማለት ነው።

አሠራሩ እጅግ ያስደንቃል። ሰባት የሚለውን ቍጥር ለማስገባት መቀርቀሪያውን ወደ 7 ሲስቡት ሰባት ጥርስ ብቅ ይላል፤ እጀታውን አንድ ጊዜ ሲያዞሩ እነዚያ ሰባት ጥርሶች የመልሱን ጎማ ሰባት እርምጃ ይገፉታል። ማብዛት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ መደጋገም ብቻ ነው። እንበል 463 ኩንታል ገብስ አለ፤ በኩንታል 24 ብር ትርፍ ተገኝቶበታል። 463ን አስገብቶ እጀታውን አራት ጊዜ ማዞር፤ ተንሸራታቹን ክፍል አንድ ቤት ወደ ጐን ማሳለፍ፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ ማዞር ነው። በስድስት ዙር 11,112 ብር ይወጣል። እጀታው ወደ ኋላ ሲዞር ይቀንሳል፤ ለማካፈልም እስኪያልቅ ድረስ መቀነስ ነው፤ ከሚገባው በላይ የተቀነሰ እንደ ሆነ ደወል ይደውላል። የእኔን ፕሮፎርማ የሚያይ እንዲህ ያለ ደወል ባገኘሁ ብዬ ተመኘሁ።

ይህን ሐሳብ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጆቫኒ ፖሌኒ የተባለ የጣሊያን ሊቅ ከእንጨት ሠርቶ ሞክሮታል። ለንግድ ያበቃው ግን በሴንት ፒተርስበርግ ይሠራ የነበረው ስዊድናዊ ቪልጎት ኦድነር ነው፤ መኪናውን እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ዓመታት ፈጥሮ በ1890 በፋብሪካ ማምረት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1892 በጀርመን አገር ብሩንስቪጋ በሚል ስም ይሠራ ጀመር፤ ከሩሲያ አብዮት በኋላም የኦድነር ፋብሪካ በስዊድን ቀጠለ፤ ሩሲያውያንም ፌሊክስ የሚባለውን አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኤሌክትሮኒክ ማስያ መጥቶ እስኪሽረው ድረስ በባንክ፣ በመጋዘንና በምድር ባቡር ጽሕፈት ቤት በብዙ አገር ያገለገለ ይህ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ የንግድ ሒሳብ የተሠራው በሽክርክሪት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመጋዘኑ ባለቤት «ይሸጣል?» ብዬ ብጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ኤሌክትሪክ በሚጠፋበት ቀን ዛሬም ይሠሩበታል።

ነፋስ የሚያዞረውም ሽክርክሪት ቢሆን መጫወቻ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በአዳማ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓመት 51 ሜጋዋት፣ በ2015 ደግሞ 153 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት ጣቢያዎች ቆመዋል፤ በመቀሌ አጠገብ አሸጐዳ ላይ በ2013 የተመረቀው 120 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። በአዳማ የሁለተኛው ጣቢያ ተርባይኖች ብቻ 102 ናቸው። በመንገድ የሚያልፍ ልጅ ሲያያቸው ትልቅ ሽክርክሪት ነው የሚላቸው፤ ልጁም አልተሳሳተም።

ወደ ደባርቅ ልመለስና የወይዘሮዋን ነገር ልጨርስ። እኔ ሁለተኛ ትእዛዝ ለመላክ ስዘጋጅ እርሳቸው አልጠበቁኝም። ያን ፎቶግራፍ ከጎብኚዋ አስልከው በጐንደር ለሚገኝ አንድ አናጢ አሳዩት። አናጢው ከአሮጌ ብስክሌት የኋላ ጎማውን ፈትቶ ላስቲኩን ጣለ፤ ቸርኬውን በእንጨት እግር ላይ አቆመ፤ በቸርኬው ቦይ ገመድ አዙሮ ከትንሽ ዘንግ ጋር አገናኘው፤ ከሥርም መርገጫ አበጀለት። የመጀመሪያው ክሩን ይበጥስ ነበር፤ ዘንጉ ከመጠን በላይ ይፈጥናልና። በሁለተኛው ላይ ዘንጉን አወፈረው፤ ተስተካከለ። ከሰባቱ ሴቶች አራቱ በዚህ መሥራት ለመዱ፤ ሦስቱ እንዝርቱን መረጡ፤ ለቀጭን ክር እንዝርት ይሻላል ይላሉ፤ እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም።

በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ ከደባርቅ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ተዘጋ፤ ጎብኚም ጠፋ፤ ቆቡም በሱቅ ተከማቸ። ወይዘሮዋ ቆቡን ትተው ወፍራም ፈትል አስፈትለው ለባና ሠሪዎች ወደ መሸጥ ዞሩ። ባና የሚገዛው የአገሩ ሰው ነው፤ ብርዱም ጦርነት አላቆመውም። ንግዱ እንደ ቀድሞው ባይሰፋም አልተቋረጠም፤ መሣሪያውም እስከ አሁን ይሠራል።

ፈታዮቹ መሣሪያውን መዘውር አይሉትም፤ እንዝርትም አይሉትም። «ብስክሌቷ» ነው የሚሏት። ባለፈው ወር ከወይዘሮዋ የደረሰኝ ትእዛዝ «ለብስክሌቷ የሚሆን አንድ ቸርኬ ከነሽቦው፣ ላስቲክ የሌለው፣ ከአሮጌም ቢሆን» የሚል ነው። በመርካቶ ለመለዋወጫ ነጋዴው ሳነብለት «ላስቲክ ከሌለው በምን ሊነዱት ነው?» አለኝ። እንደማይነዳ፣ ጠጕር እንደሚፈተልበት ነገርሁት፤ ፎቶግራፉንም አሳየሁት። አንድ ፍሬ አልሁ፤ ካርቶን አለመሆኑንም ደግሜ ነገርሁት።